ብይዋ ስትሰምጥ

ብይዋን ጋራዥ ሄጄ ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጣኋት ናት፤ ዲያሜትሯ 3 ሚሊ ሜትር። ውሃ ውስጥ ስጥላት ዓይን ሳይከተላት ታች ትደርሳለች። ግሊሰሪን ውስጥ ግን፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ በቀመሩ 13 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል።

ቀመሩ የጆርጅ ስቶክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ታተመ። ብይዋ በፈጠነች ቁጥር የፈሳሹ ጉተታ ይበረታል። ጉተታውና ፈሳሹ ሽቅብ የሚገፋት ኃይል ተደምረው ክብደቷን ሲያክሉ መፍጠኗን ትታ በአንድ ፍጥነት ትወርዳለች። ግሊሰሪን ውስጥ ይህ የሚሆነው ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ ነው። በዲያሜትር እጥፍ የሆነች ብይ ደግሞ አራት እጥፍ ትፈጥናለች፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ሁለት እጥፍ» ብለው ነው የሚገምቱት።

የእጁ ሥራ ቀመሩ ውስጥ የለም። ደረቅ ብይ የአየር አረፋ ይዛ ትገባለች፤ ስለዚህ አስቀድሜ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ እነክራትና በወረንጦ ይዤ ከገጹ ዝቅ ብዬ መሐል ላይ እለቃታለሁ። ግድግዳው ከቀረባት ትዘገያለች። የኛ ሲሊንደር ውስጡ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ 13ቱ ሰከንድ 16 ገደማ ይሆናል። ግሊሰሪኑም ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ የአየሩን እርጥበት ይጠጣና ይቀጥናል። (ለቆዳ የሚቀቡት ያው ግሊሰሪን ነው፤ ጠርሙሱን ከተማሪዎች መጠበቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።)

አንድ ዓመት የጠዋቱ ክፍል 16 ሰከንድ አገኘ፣ የከሰዓቱ 7። ከሰዓት በኋላ የገቡትን «ቁጥር ፈጠራችሁ» ብዬ ተቆጣሁና ውጤታቸውን ቀነስኩ። አንዲት ልጅ ሲሊንደሩን በመዳፏ ያዝ አድርጋ «ቲቸር፣ ይሞቃል እኮ» አለችኝ። መስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው ውሎ ነበር። ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ የግሊሰሪን ዝልግልግነት ከግማሽ በላይ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ቴርሞ ሜትሩን ያነበብኩት ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ነበር! እናቴ ማር ከማሰሮው አልወርድ ሲላት ፀሐይ ላይ ስታሰጣው እያየሁ ያደግሁ ሰው።

ውጤታቸውን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ገልብጬዋለሁ፤ ቴርሞ ሜትሩን እደብቅና ብይዋን ጥለው የፈሳሹን ሙቀት እንዲነግሩኝ አዛለሁ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቡድን የሳተው በ1 ዲግሪ ብቻ ነው።