ወድቆ የተነሣ ውሻና የሠዓሊው እውነት

የሰውን መልክ በሥዕል ማስቀረት ጥንታዊ ልማድ ነው። ንጉሡም፥ የጦር አለቃውም፥ ባለጸጋውም ሠዓሊ እያስጠራ መልኩን ሲያሥል ኖሯል። ሠዓሊውም የሚከፍለውን ሰው ላለማስቀየም ሲል ጠባሳውን ይሸፍናል፥ ትከሻውን ያሰፋል። ከጎዳና ተነሥቶ በመጠለያ ያደረ ውሻ ግን ለመልኩ አይከፍልም፤ ሥዕሉ ቢያምርም ባያምርም አያመሰግንም፥ አይወቅስም። እንግዲህ የሠዓሊ ታማኝነት ያለ ምስክር ከሚፈተንባቸው ሥራዎች አንዱ እንዲህ ያለውን ውሻ መሣል ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

«ሰው እየተቸገረ ስለ ውሻ መልክ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። ሜሪ ቲልቢ የተባለች እንግሊዛዊት በ1860 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሎንዶን ከተማ፥ በሆሎዌይ ሰፈር፥ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ባቋቋመች ጊዜ በጋዜጣ ተሳልቀውባት ነበር። መጠለያው ግን በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ሥራውን ይሠራል። ርኅራኄ እንደ ጎተራ እህል ሲሰፈር የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሲለማመዱት ይበረታል እንጂ።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንመለስ። በእንስሳት ሥዕል እጅግ የታወቀው እንግሊዛዊ ኤድዊን ላንድሲር (1802–1873) በ1831 ሠርቶ በ1838 በሎንዶን ለሕዝብ ያሳየው አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። ርእሱ «የሰብአዊው ማኅበር የተከበረ አባል» የሚል ነው፤ ማኅበር የተባለውም ሰዎችን ከመስጠም አደጋ ለማዳን በ1774 በሎንዶን የተመሠረተው ነው። በሥዕሉ አንድ ግዙፍ፥ ጥቁርና ነጭ የኒውፋውንድላንድ ውሻ በባሕር ዳር በድንጋይ መድረክ ላይ ተኝቶ ይታያል። ውሃው ሞልቶ መርከብ ከሚታሰርበት የብረት ቀለበት ሊደርስ ተቃርቧል፤ ሰማዩ ደመና ለብሷል፤ ብርሃኑ በነጩ ጠጉር ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ራስ ከደመናው ተለይቶ ጎልቶ ይወጣል።

ስለዚህ ውሻ የሚነገረው ታሪክ ልብ ይነካል። ስሙ ቦብ ይባል ነበር፤ መርከብ ሲሰበር ተርፎ፥ በሎንዶን ወንዝ ዳር ሲንከራተት ኖሮ፥ በ14 ዓመት ውስጥ 23 ጊዜ ሰው ከመስጠም አዳነ፤ ማኅበሩም አባል አድርጎ ሜዳልያ ሰጠው ይባላል። ይሁን እንጂ ላንድሲር የሣለው ቦብን አልነበረም። ለሥዕሉ የቀረበው ፖል ፕራይ የተባለ፥ ሚስስ ኒውማን ስሚዝ የተባሉ እመቤት ውሻ ነበር። ጎዳና ያደረው ውሻ ስሙን አዋጣ፥ በቤት ያደገው ውሻ መልኩን አዋጣ ማለት ነው።

ሥዕሉን በኅትመት ደጋግመን ተመልክተነዋል፤ የብሩሹን ኃይል ማንም ሊክድ አይችልም። ነገር ግን ጠጉሩ የታጠበና የተበጠረ ነው፤ ከመርከብ ስባሪ የወጣ፥ በረኃብ የዞረ ገላ ምልክት አይታይበትም። ሠዓሊው ውለታውን አከበረ፥ የተቀበለውን መከራ ግን አስቀረው። ወድቆ የተነሣን ስናከብር መውደቁን ከደበቅን፥ ያከበርነው ማንን ነው?

ላንድሲር ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይችል እንደ ነበር በ1837 የወጣው «የሽማግሌው እረኛ ዋና ሐዘንተኛ» የተባለው ሥዕሉ ይመሰክራል። በድኻ ጎጆ ውስጥ አንድ ውሻ ደረቱን ከጌታው የሬሳ ሣጥን ጋር አጣብቆ አገጩን በላዩ ላይ አሳርፏል፤ በዙሪያው ከሟቹ ዕቃ በቀር ሌላ ሐዘንተኛ የለም። ታላቁ ሐያሲ ጆን ራስኪን በ1843 ይህን ሥዕል ማመስገኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ውሻው በማዕርግ ሳይሆን በአኳኋኑ ይናገራልና።

ሁለተኛው ሠዓሊያችን ጆን ቻርልስ ዶልማን ነው። በ1879 የሣለውና ዛሬ በሊቨርፑል ዎከር የሥዕል ቤት የሚገኘው ሥራው የውሾችን መጠለያ ያሳያል፤ ርእሱንም በእንግዳ ማረፊያ ቤት ለሁሉ እኩል ከሚቀርበው ማዕድ ወስዶታል። ልዩ ልዩ ዓይነት ውሾች በአንድ መብል ይገናኛሉ። በርእሱ ፈገግ ብንልም ወዲያው እናፍራለን፤ እንግዶቹ ወድደው አልመጡምና። ዶልማን መጠለያውን ከነመጠለያነቱ አሳየ፤ ነገር ግን ብዙ ስለ ሆኑ አንዱም ስም የለውም። ላንድሲር ያለ እውነተኛው መልክ ዝናን ሰጠ፤ ዶልማን ያለ ስም እውነትን ሰጠ። የተጣለ ውሻ መልክ ግን ሁለቱን በአንድነት ይፈልጋል።

ይህን ለሥዕል መምህራንና ለተማሪዎች በሥራ ቋንቋ እንተርጉመው። ውሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ አንድ ረጅም ሥራ ከመጀመር በፊት ብዙ ፈጣን ንድፎችን በእርሳስ መንደፍ ይገባል። ፎቶግራፍ ይረዳል፥ ነገር ግን ጥላውን አጥቁሮ ዝርዝሩን ይውጣል። ጥቁር ጠጉር በጥቁር ቀለም ብቻ አይሣልም፤ ብርሃን ባረፈበት ወደ ሰማያዊ፥ በጥላው ወደ ቡናማ ይሄዳል። የተቀደደ ጆሮ ቢኖር እንደ ተቀደደ ይቅር፤ ጅራቱን እግሩ መካከል ቢከት፥ አንገቱን ቢያቀረቅር እንዲሁ ይሣል። በዓይኑ ላይ የሰውን እንባ መጨመር ግን ማታለል ነው፤ ተመልካቹ የራሱን ኀዘን እንጂ ውሻውን አያይምና።

የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቅዱሱን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። እኛ የውሻን ስም ለስድብ ስንጠራ በአንድ ዓይን የሣልነው ያህል ነው፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ታማኝነቱን ስንመሰክር ደግሞ ሁለተኛውን ዓይን እንመልስለታለን። ከመጠለያ የወጣውን ውሻ ለመሣል የሚቀመጥ ተማሪ ከነጠባሳው፥ በሁለት ዓይኑ ይሣለው። ሜዳልያ ባይጨምርለትም ዕዳውን ከፍሏል እንላለን።