መጠበቅ የሚያውቅ ስክሪን

ሰቆጣ ላይ ስክሪን ብልጭ ድርግም ካለ መጀመሪያ የሚታማው መብራት ነው። ሐሜቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ጌም ሲከፈት ብቻ፣ ያውም ዋሻና ሌሊት የሚበዛበት ቦታ ላይ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ስታቢላይዘር ከመግዛት በፊት ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ገብቶ «አዳፕቲቭ ሲንክ» ወይም «ፍሪሲንክ» የሚለውን አጥፍቶ ማየት ነው። መርገብገቡ ከቆመ መብራቱ ንጹሕ ነው። አጥፍቶ መተው ግን ያሳዝናል፤ ከኋላው ያለው ሥራ እጅግ ረቂቅ ነውና።

የድሮው ቴሌቪዥን ምቱን የቀዳው ከመብራት መስመር ነበር፤ እንደኛ 50 ኸርዝ ባለበት አገር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አሜሪካ 60። ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ ግዴታው ቀረ፣ የማይዛነፍ ምት ግን ተወረሰ። ግራፊክስ ካርድ በበኩሉ ምት የለውም። ባዶ ሜዳ ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ጭስና ሠራዊት ሲበዛበት ይዘገያል። ካርዱ ስክሪኑን ሳይጠብቅ ከላከ ሥዕሉ ወገቡ ላይ ይቀደዳል፤ በ«ቪሲንክ» እንዲጠብቅ ከተገደደ ደግሞ እንቅስቃሴው ይደናቀፋል።

ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂ-ሲንክን ሲያሳይ ጠባቂው ስክሪኑ እንዲሆን አደረገ። በ2014 ቬሳ የተባለው ደረጃ አውጪ ማኅበር አዳፕቲቭ ሲንክን ከዲስፕሌይፖርት 1.2ኤ ጋር አያያዘው። በሁለት ፍሬሞች፣ ማለትም ተከታትለው በሚመጡ ሁለት ሥዕሎች፣ መካከል ምንም የማይላክባት ክፍተት ድሮም ነበረች፤ ጥበቡ እሷን መለጠጡ ነው። ማኅሌት ላይ ከበሮ መቺው መሪው ዜማውን እስኪያነሣ እጁን ቆዳው ላይ እንደሚያሳርፍ፣ ስክሪኑም የያዘውን ሥዕል ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ጥበቃው ግን ልክ አለው። አንድ ሞኒተር ከ48 እስከ 144 ኸርዝ ይችላል እንበል። ጌሙ በሰከንድ ወደ 40 ፍሬም ቢወርድ የካርዱ ድራይቨር እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ አስደግሞ በ80 ያስመታዋል፤ ዓይን ድግግሞሹን አያውቀውም። ይህን ስልት ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ከ48 እስከ 75 ብቻ በሚችል ርካሽ ሞኒተር ላይ ግን ከ38 እስከ 47 ያለው ፍሬም መግቢያ ያጣል፤ ቢደገም ከጣሪያው በላይ፣ ባይደገም ከወለሉ በታች ነው።

የጨለማው መርገብገብ ከዚህም ይረቅቃል። ፒክስል የተሰጠውን ኃይል እስከሚቀጥለው ፍሬም ድረስ ሳያጓድል አይዝም። ጥበቃው ሲረዝምና ሲያጥር የድምቀቱ መጠን ይዛነፋል፤ ፈካ ባለ ሥዕል ላይ አይታይም፣ በጥቁር ግራጫ ላይ ያስታውቃል። ቪኤና ኦሌድ በሚባሉት የፓነል ዓይነቶች ላይ ይብሳል። ጠንቃቃ ሠሪ ቀለሙን ለየፍጥነቱ ይለካል፤ ቸኳዩ ለትልቁ ፍጥነት ብቻ ለክቶ ሳጥኑን ያሽጋል። ፒክስሉን የሚያጣድፈው «ኦቨርድራይቭ»ም እንዲሁ ነው፤ ለ144 የተቃኘው 60 ላይ ሲደርስ ከሚሮጠው ነገር ኋላ የነጣ ጥላ ይጎትታል።

ባለቤቱ የፓነሉን የድምቀት መዛነፍ ማስቀረት ባይችልም ፍሬሙ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ይችላል። የጥላና የጭስ ጥራትን ቀንሶ ፍሬሙን ከ48 በላይ ማቆየት፣ በባለ 144ቱ ሞኒተር ላይ ደግሞ ጣሪያውን እንዳይነካ ፍሬሙን 141 ላይ መገደብ ነው። ገና የሚገዛ ሰው ሳጥኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው 144 ይልቅ ታችኛውን ቁጥር ይጠይቅ። ሻጩ ካላወቀው፣ የኮምፒውተሩ ካርድ ኤኤምዲ ሠራሽ ከሆነ ሞኒተሩ ሲሰካ ድራይቨሩ የማሳያ ገጽ ላይ ክልሉን ከነወለሉ ያሳያል።