ቁስል የሌለው ማቃጠል

አንዲት ሴት የምታጸዳበት ፈሳሽ እጇን እንደሚያቃጥላት ለሐኪም ስትናገር፣ ቆዳዋ ካልቀላና ካልተላጠ ብዙ ጊዜ የምትሰማው “ምንም የለብዎትም” የሚል መልስ ነው። የእኛም ሙያ ለዚህ መልስ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ቆዳን የሚያስቆጡ ኬሚካሎችን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት፣ ከሰው የቆዳ ሴሎች በቤተ ሙከራ የሚዘጋጅ ሰው ሠራሽ ቆዳ አለ። ኬሚካሉ ይደረግበትና ስንቱ ሴል በሕይወት እንደተረፈ ይለካል። ነርቭ ግን የለውም። ሴል ሳይገድል የሚያቃጥል ነገር በዚህ ምርመራ ንጹሕ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። እኔ የምሠራው ያንን የቀረውን ነርቭ መጠየቅ ነው።

የቆዳን ስሜት የሚያደርሱት ነርቭ ሴሎች ዋና አካላቸው ያለው ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ነው። ቆዳ ድረስ የሚዘልቀው ቀጭን ክራቸው ብቻ ሲሆን፣ እስከ እግር ጣት የሚወርደው አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሴሎቹን ከአይጥ ወስደን፣ በኢንዛይም አላልተን እንነጣጥላቸውና መስታወት ላይ እናሳድራቸዋለን። በማግስቱ ፉራ-2 የተባለ ቀለም ይጠጣሉ። ይህ ቀለም ካልሲየም ሲይዝ በ340 ናኖሜትር ብርሃን ሲመታ ይደምቃል፣ በ380 ሲመታ ይደበዝዛል። ነርቩን የሚቆጣ ነገር ሲነካው በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው ካልሲየም ይገባል። በማይክሮስኮፕ የምናነበው የሁለቱን ብርሃኖች ንጽጽር ነው።

ከበሮቹ ሁሉ የታወቀው ትሪፕ-ቪ1 ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የለዩት የበርበሬን ማቃጠያ ካፕሳይሲንን ሲከታተሉ ነበር፤ ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ይኸው በር ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትም ይከፈታል። ቃሪያ ስትሰነጥቅ የዋለች ሴት እጇ እሳት የነካው ያህል የሚንገበገበው ሁለቱም በአንድ በር ስለሚገቡ ነው፤ ቆዳዋ ላይ ግን የተቃጠለ ነገር አይታይም። አልኮል እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በሩ የሚከፈትበትን ሙቀት ወደ 34 ዲግሪ ግድም ያወርደዋል። ሳኒታይዘር የተሰነጠቀ እጅ ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለን የገዛ ሰውነታችን ሙቀት ነው ማለት ነው።

ይህ ለሥራችን ትልቅ ጣጣ አለው። በውሃ በቀላሉ የማይሟሙ ሽቶዎችን በአልኮል አሟሙቶ ሴል ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ታዲያ ነርቩ የመለሰው ለሽቶው ነው ወይስ ለአልኮሉ? ስለዚህ መጀመሪያ ማሟሚያው ብቻውን፣ በዚያው መጠን፣ ይፈሳል። ይህ ያልተደረገበትን ውጤት እንደ ውጤት አልቆጥረውም።

ከሁሉም የሚያለፋኝ በረኪና ነው። በውስጡ ያለው ሃይፖክሎራይት ትሪፕ-ኤ1 የተባለውን ሌላ በር ይከፍታል፤ የሰናፍጭና የጥሬ ነጭ ሽንኩርት ማቃጠልም የሚገባው በዚሁ ነው። በረኪና ግን ብዙ ነገር በአንዴ ያደርጋል። አልካላይነቱ ብቻውን በሩን ሊከፍት ስለሚችል፣ ፒኤቹ እኩል የሆነ፣ ሃይፖክሎራይት የሌለበት ውሃ ለብቻው መሞከር አለበት። ቀለማችንንም ያነጣዋል። ስለዚህ ንጽጽሩን ብቻ አላምንም፤ ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ አያቸዋለሁ። ካልሲየም በእርግጥ ሲገባ የ340ው ይወጣል፣ የ380ው ይወርዳል። ሁለቱ ተያይዘው ከወረዱ ቀለሙ እየጠፋ ነው እንጂ ነርቩ አልመለሰም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ጎረቤት ሴሎች ይሄዳል። በነርቮቹ መካከል ነርቭ ያልሆኑ ጠፍጣፋ ሴሎች አሉ። እነሱም አብረው ከደመቁ የሴሎቹ ሽፋን እየተቀደደ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። የደመቁት ነርቮቹ፣ ያውም አንዳንዶቹ ብቻ ከሆኑ፣ ትሪፕ-ኤ1ን የሚዘጋ መድኃኒት ጨምሬ እደግመዋለሁ። መልሱ ከጠፋ ያኔ አምናለሁ። በመጨረሻ ፖታሺየም ክሎራይድ ይፈሳል። ለእሱ ጤነኛ ነርቭ ሁሉ ስለሚመልስ፣ ዝም ያለው ሴል በረኪናው ያልተሰማው ይሁን የሞተ በዚህ ይለያል።

የአይጥ መልስ የሰው መልስ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ካፌይን የአይጥን ትሪፕ-ኤ1 ይከፍታል፣ የሰውን ግን ይገታል። የሰው በር በተተከለባቸው ሴሎች ላይ ሳላረጋግጥ ስለ ሰው አልጽፍም።

መስታወት ላይ ያለ ነርቭ ራቁቱን ነው። ጤነኛ ቆዳ ላይ የሞቱ ሴሎችና ቅባት የሠሩት ሽፋን ብዙውን ኬሚካል ስለሚመልስ፣ “ነርቩ ዘንድ ይህን ያህል አይደርስም” የሚለው ክርክር ለጤነኛ ቆዳ ትክክል ነው። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን እጅ ግን ብዙውን ቀን ውሃና ሳሙና ውስጥ ነው የሚውለው፤ ሳሙናው ያንን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል። የምርመራ መጠን ስንመርጥ መነሻችን የእነሱ እጅ እንዲሆን እከራከራለሁ። ነርቩ መመለስ የሚጀምርበት ዝቅተኛ መጠንም፣ ስንት ሴል ሞተ ከሚለው ቁጥር ጎን ተጽፎ፣ ምርቱን ከሚያጸድቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት።