የሰው ግድግዳ

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሮክብሩን ካፕ ማርታን፣ ድንጋያማው ዳገት ወደ ሜዲትራኒያን በሚወርድበት ቦታ አንዲት ትንሽ ነጭ ቤት አለች። ስሟ ኢ-1027 ይባላል። የመኪና ታርጋ ይመስላል እንጂ የፍቅር ምስጢር ነው። «ኢ» አይሊን ናት፤ 10፣ 2 እና 7 ደግሞ በላቲን ፊደል ተራ ጄ፣ ቢ እና ጂ ናቸው። የዣን ባዶቪቺ ስም በአይሊን ግሬይ ስም መሃል ታቅፏል ማለት ነው። አየርላንዳዊቷ ግሬይ ከ1926 እስከ 1929 (እ.ኤ.አ.) ስትሠራት በሕንፃ ሙያ መደበኛ ትምህርት አልነበራትም።

እኔ ቤቷን የምወዳት ስለማትቸኩል ነው። በሩን ስታልፉ ባሕሩ ወዲያው አይታይም። ኮትና ጃንጥላ የሚቀመጥበት መከለያ ፊታችሁ ይቆማል፤ ዞር ስትሉ ነው ሳሎኑ፣ ቀጥሎም ውኃው የሚገለጥላችሁ። ግሬይ መግቢያው ግድግዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ግቡ የሚል ጽሑፍ አኑራለች። እዚያው ደግሞ መሣቅ ክልክል ነው ይላል (ቀልድ ታውቃለች!)። የበረንዳው መከለያ ሸራ ነው፤ በብርዱ ወራት ይነሣል፣ ፀሐይ እግር እንድታሞቅ። ሌ ኮርቡዚዬ ቤትን ከማሽን ጋር ሲያመሳስል፣ እሷ የምታስበው ብርድ የሚሰማውን ገላ ነበር።

በኋላ ራሱ ሌ ኮርቡዚዬ መጣ። ግሬይ ቤቷን ለባዶቪቺ ትታ ከሄደች በኋላ፣ በ1938 እና በ1939 ግድግዳዎቹ ላይ ትልልቅ ሥዕሎች ሣለ። ባዶቪቺ ፈቅዶለታል፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም። ራቁቱን ሆኖ ሲሥል የተነሣው ፎቶ እስከ ዛሬ ይዞራል። በ1952 ደግሞ ከቤቷ በላይ 3.66 በ3.66 ሜትር የሆነች የእንጨት ጎጆ ተከለ፤ በ1965 እዚያው ባሕር ሲዋኝ ሞተ። ለዓመታት ቤቷ የባዶቪቺ፣ አንዳንዴም የሌ ኮርቡዚዬ ሥራ ተብላ ስትጠራ ኖራለች።

ፈረንሳይ በ2000 በቅርስነት መዘገበቻት። በ2021 ትልቁ እድሳት ሲያልቅ የሥዕሎቹ ነገር እንደገና ተነሣ፤ እነሱም ቅርስ ናቸውና አልተፋቁም። የሱ ዝና ባይኖር ቤቷ ፈርሳ ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን፣ እውነትነት አለው። ግን የመግቢያውን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዐይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው የሱ ቀለም ላይ ነው። ቀስ በሉ የምትለዋ ሹክሹክታ ከጩኸቱ ጎን ትጠፋለች። ቤቷ ደግሞ ሐሳቧን የምትናገረው እዚያች መግቢያ ላይ ነው፤ ሌላ ግድግዳ ቢሆን እንዲህ አልልም።

ይፋቅ አልልም። እኔ ብሆን ግን የመግቢያውን እሸፍነው ነበር፣ ልክ እንደ በረንዳዋ በሚነሣ ሸራ። ማየት የፈለገ ይግለጠው። ደግሞ ጎጆው ከላይ አለችለት።