ስለቱ ውሃ የሆነ መቀስ

በእስራኤል፣ ሻአሪያ በሚባል ሠፈር ውስጥ፣ በአንድ ወጥ ቤት መስኮት ላይ የቤት ኮምጣጤ የያዘ ሰፊ ጠርሙስ ተቀምጧል እንበል። ክዳኑ ሲነሣ ከላይ ነጣ ያለ ቆዳ ተጋግሮ ይታያል። ያሟልጫል፤ ሲስቡት ግን እንደዋዛ አይበጠስም። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይደፋዋል። ጎንደር ጥጥ ሲፈትሉ ያደጉ እናት ግን ዳሰስ አድርገው «ይኼማ ክር ነው» ቢሉ አይሳሳቱም። ቆዳው ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥም ሴሉሎስ ነው።

ፈታዩ አሴቶባክተር ዛይሊነም የሚባል ባክቴሪያ ነው። መዳመጫም፣ ባዘቶም፣ እንዝርትም የለው። ስኳር እየቀጣጠለ፣ በጎኑ ከተሰለፉ ቀዳዳዎች ቀጫጭን ክር ያወጣና አንድ ላይ ያጣምረዋል።

«ፍተል» የሚለው ማነው? መልሱ የተገኘው ከሻአሪያ ብዙ ሳይርቅ፣ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሞሼ ቤንዚማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ መልእክተኛውን አስተዋወቁ፤ ሳይክሊክ ዳይ-ጂኤምፒ። ሁለት አንድ ዓይነት ቁራጮች በሁለት ቦታ ተያይዘው የሠሩት ትንሽ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲበዛ ፍተላው ይፋጠናል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ፈታዩም ቀለበቱም አይደሉም፤ ቀለበቱን የሚቆርጠው ነው። የማይሰረዝ ትእዛዝ ካለ ሥራው ማብቂያ የለውም። ስለዚህ ባክቴሪያው ፎስፎዳይኤስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ መቀስ ልበለው።

የመቀሱ አካል እንደ በርሜል ተጠቅልሎ የታጠፈ ነው። ቀለበቱ በአፉ በኩል ገብቶ ይቀመጣል። እዚያ ሁለት የማግኒዥየም ወይም የማንጋኒዝ አተሞች ጎን ለጎን ቆመው አንዲት የውሃ ሞለኪውል ይይዛሉ፤ አሹለውም በቀለበቱ መያያዣ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ላይ ይለቋታል። ስለቱ ብረት ሳይሆን ውሃ ነው! በብረቶቹ ቦታ ካልሲየም ከገባ ደግሞ መቀሱ ይዶለዱማል።

ልኩን ማወቁ ሌላው ጥበቡ ነው። ከሁለቱ መያያዣዎች አንዱን ብቻ ይቆርጣል፤ ቀለበቱ ተፈትቶ አጭር ክር ይሆናል። መልእክቱ ያን ጊዜ ሞቷል፣ መፍጨት አያስፈልግም። የቀረውን ሌላ ኢንዛይም ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቁራጮቹም ወደ ሴሉ ጎተራ ይመለሳሉ።

ጊዜውንስ በምን ያውቃል? ከዚህ ባክቴሪያ መቀሶች አንዱ ሂም ይዟል፤ ደማችንን የሚያቀላው ብረት ያለበት ያው ሂም። ኦክስጅን ብረቱ ላይ ሲያርፍ መቀሱ ይዘገያል፣ ቀለበቱ ይጠራቀማል፣ ፍተላው ይቀጥላል። አየሩ ሲያጥር መቀሱ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 የቤንዚማን ቡድን የጂኖቹን ቦታ ሲገልጽ፣ ቀለበት ሠሪውና ቆራጩ በሦስት ቦታ ጎን ለጎን ተጽፈው ተገኙ፤ እንደ ድርና ማግ።

ይህ ቀለበት ዛሬ በብዙ ባክቴሪያዎች ዘንድ ይታወቃል። ሲበዛ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ሲያንስ ዋኝተው ይሄዳሉ። የኮሌራ ባክቴሪያን እንኳ ሰውን ለማሳመም የራሱ መቀስ ይረዳዋል።

ሸማ ሲገዛ ዓይን ጥለቱ ላይ ያርፋል። ዐዋቂ ግን ጫፉን ገልብጦ ያያል፤ ክሩ የት እንደተቆረጠ፣ እንዴት እንደተቋጨ። የኮምጣጤውን ቆዳ ለመድፋት እጃችሁ ሲነሣ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ብርሃን አንሡት። ድሩ ይታያል፤ መቀሱ ግን አይታይም።