የማኅበረሰብ ወሰንና የገንዘብ መንገድ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ሥራዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ጉራጌ ሕዝብ የተጻፈውን የሚመረምር ሰው ሁለት ሥዕል ለየብቻ ተቀምጦ ያገኛል። አንደኛው በእንሰት የተከበበው መንደር ነው፤ ሁለተኛው በአዲስ አበባ የሚነግደውና የሚሠራው የመንደሩ ልጅ ነው። ዊልያም ሻክ በ1966 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ያሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ሰይሞታል። ስለ ጎሣ፥ ስለ መሬትና ስለ እምነት ሥርዐት የሰበሰበው ማስረጃ ዛሬም ያገለግላል። ይሁን እንጂ የመስክ ጥናቱ የመንገድ ማኅበራቱ ከመቋቋማቸው በፊት የተካሄደ በመሆኑ፥ ከተማውንና መንደሩን ያስተሳሰረው መዋጮ የጥናቱ ማእከል ሊሆን አልቻለም። ኋላ ፈቃዱ ገዳሙ በከተማ ማኅበራት ላይ ያደረጉት ምርምር ይህን ጉድለት በብዙ አቃሎታል። ያልተመለሰው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ለማኅበረሰብ ተብሎ ገንዘብ ሲወጣ ማኅበረሰቡ ማን ነው?

ወልቂጤ የተቆረቆረችው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቡታጅራ ደግሞ ከአለምገና ተነሥቶ በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ በሚደርሰው መንገድ ላይ ትገኛለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቁመው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ወደ ሰባት ቤት አገር መንገድ አስወጥተዋል። መዋጮው በቤት፥ በጎሣና በትውልድ መንደር እየተቆጠረ ስለሚሰበሰብ፥ ያልከፈለ ሰው የሚያፍረው በገንዘብ ያዡ ፊት ሳይሆን በዘመዶቹ ፊት ነበር። የአለምገናና የወላይታ ሶዶ መንገድ ማኅበር ከዚህም አልፎ፥ መንገዱ የሚያልፍባቸውን ልዩ ልዩ ሕዝቦች ባንድ መዋጮ አገናኝቷል። ቡታጅራ ላይ የቆመ መንገድ ለሆሳዕና ሰው እንደማይጠቅመው ሁሉ፥ ሆሳዕና ላይ የቆመውም ለወላይታ አይጠቅምም። መንገድ ተቆራርሶ የማይካፈሉት ሀብት ነውና ወሰን ተሻግሮ መክፈል ግድ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሩቅ ሰሜን የመጣ ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሰሜን ስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር፥ በስዊድን የምርምር እርዳታ፥ የቡታጅራን የገጠር ጤና ጥናት ጀመረ። በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖር 28 ሺህ ገደማ ሕዝብ ተቆጠረ፤ ከዚያም መረጃ ሰብሳቢዎች በየቤቱ እየዞሩ ልደትን፥ ሞትን፥ ጋብቻንና ፍልሰትን መመዝገብ ያዙ። የሞታቸው ምክንያት በየትም መዝገብ የማይሰፍር ሕፃናት በዚህ መዝገብ ታውቀዋል፤ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ትምህርት ቤት ሆኗል። ጥቅሙ የማይካድ ነው።

ሒሱ የሚነሣው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው። በጤናው መዝገብ፥ ልጁ ቀበሌውን ለቆ አዲስ አበባ ሲገባ «ፈለሰ» ተብሎ ከሕዝቡ ቁጥር ይወጣል። የመንገዱ ማኅበር ግን ያንኑ ልጅ ከአባላቱ ቀዳሚ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንደኛው ማኅበረሰብን በመኖሪያ ይለካል፤ ሁለተኛው በግዴታ። ለሞት መጠን ስሌት የመኖሪያው መለኪያ የግድ ነው። ነገር ግን ይህ መለኪያ ከስሌት አልፎ የእርዳታ ዕቅድ መሠረት ሲሆን፥ መንደሩ ከተማ ያለ ልጁን ያጣና ከእውነቱ ይልቅ ድኻና ብቸኛ መስሎ ይታያል።

በግዴታ መለካትም ያለ ነውር አይደለም። ከተማ ዘመድ የሌለው ቤት በጉባኤው ተናጋሪ የለውም። እንሰቱን ፍቃ ቆጮውን የምታዘጋጀው ሴት፥ በእጅ ሥራው የሚናቀው ፉጋም መንገዱ ወዴት እንዲሄድ ሲወሰን ድምፃቸው የሚሰማበት ሥርዐት አልነበረም። «ራስን መርዳት» የሚለውን ቃል የሚያወድስ ጸሐፊ፥ «ራስ» የተባለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቋመ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ወሰን በበዛ ቁጥር መዋጮውም በጀቱም ወሰንን ተከትሎ ይከፈላል። ጎርፍ፥ የእንሰት በሽታና ወረርሽኝ ግን ወሰን አያውቁም፤ በሁለት ዞኖች መካከል ያለ ጉዳት ከፋይ ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ የሚሆን መለኪያ በአገሩ ሥርዐት ውስጥ ይገኛል። ጀፎረ የተባለው የመንደሩ ሰፊ ሣራም ጎዳና የማንም የግል ርስት አይደለም፤ ሠርግና ልቅሶ፥ ሸንጎና የልጆች ጨዋታ በርሱ ላይ ይውላል። በግራና በቀኝ ያለው ቤት ሁሉ አጥሩን ወደ ጎዳናው እንዳይገፋ ይገደዳል። የጀፎረ ጽናት ከአሠራሩ ይልቅ በጠባቂዎቹ ነው። ገንዘቡ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከኡሜኦ፥ የሥራው ሚዛን ከምረቃው በኋላ አጥሩን የማይገፋው ጎረቤት ማን እንደሆነና ይህ ጎረቤት ከመጀመሪያው ተቆጥሮ እንደነበረ መመርመር ነው።