ግንብ ያለ ሰው፤ የጎንደር ቤተ መንግሥት በሥዕል

ለጎብኚ የሚሸጡት የጎንደር ሥዕሎች ባመዛኙ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የፋሲል ግንብ፣ አራቱ ክብ ማማዎች፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ሰው የለባቸውም። ይህ ባዶነት ግንቦቹን ያፈረሳቸው ዕድሜ ብቻ ያስመስላል። የአድያም ሰገድ ኢያሱን ቤተ መንግሥት የጎዱት እ.ኤ.አ. የ1704 የመሬት መንቀጥቀጥና የ1941 የእንግሊዝ ቦምብ መሆናቸው ከሸራው ላይ ተፍቋል።

በጎንደር ዘመን የነበረው ሠዓሊ የሄደው በተቃራኒው ነው። በጣና ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ቁስቋም ላይ ያሠሩት ግንብ ግን በሥዕሉ የለም። በእኔ አስተያየት ስለ ቤተ መንግሥቱ ይበልጥ የሚነግረን ይኸው ግንብ የሌለበት ሥዕል ነው፤ ሥልጣን በድንጋይ ሳይሆን ማን ለማን እንደሚሰግድ ተሥሏልና። (ጌጠኛው ልብስ ግን አልወለቀም፤ ትሕትናውም ቢሆን የእቴጌ ትሕትና ነው።)